የጋሽ ድልነሳው ስፖኪዮ

ትናንት እሑድ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ድልነሳው የመክፈቻ ንግግራቸውን ሲያረዝሙት እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

የተሰበሰብነው ለያፌት ነበር። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅ ነው፤ ገና አሥራ አራት ዓመቱ። የጋሽ ድልነሳውን መኪና ስፖኪዮ ነቅሎ ተያዘ። ዳኛዋ፣ «ሰፈሩ ዋስ ሆኖ ከተረከበው ቤቱ ይግባ፤ ካልሆነ ይታሰራል» ብለዋል። እኔም ልሟገትለት ጥርሴን ስዬ ነበር የመጣሁት።

በሕልሜ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። «ያፌት ታስሯልና ውጡ! የቀረ ይቀጣል!» ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለሬሳ ብቻ የምንተክለውን ድንኳን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተከልነው። የእስር ቤቱ አዛዥ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ካቴናቸውን ዘርግተው ይለምናሉ።

«ስለ እመቤታችን! አንድ ልጅ ጣል አድርጉልኝ! ትንሽም ብትሆን!»

«እግዜር ይስጥዎት፣ አባባ» እያልን አለፍናቸው።

በያፌት ፈንታ እስር ቤት የገባው ስፖኪዮው ነበር። ዳኛው ካባ የደረበ አህያ ነው፤ «ሹፌሩን ወደ ኋላ አሳይቷል» ብሎ ፈረደበት። ለያፌት ዋስ ለመሆን የመጣው ሰልፍ አስፋልቱን ዘጋው። ጋሽ ድልነሳው ሰልፉን ሰብረው ሲገቡ ልጆች ኮታቸውን ይዘው ጎተቷቸው።

«ይሰለፉ እንጂ ጋሼ!»

«ስፖኪዮው'ኮ የኔ ነው! ልጁ ለኔ ነው የሚገባው! ራሱ መልሶ ይገጥመዋል፣ ከዚያ አብረን ራት እንበላለን!» ብለው አለቀሱ።

አህያው ጠረጴዛውን በኮቴው መታ። «ለዚህ ልጅ ዋስ የሚሆን እጁን ያውጣ!»

ማንም ሳይቀድመኝ አወጣሁ። ክንዴ እስኪገነጠል ሰቀልኩት።

አንድ ሰው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ነቃሁ። እጄ እውነትም ተሰቅሏል።

«በቃ አውርደው፣ ተቆጥረሃል» አለኝ ጎረቤቴ ሽብሩ።

«ለምኑ?»

«እድሩ ለሞተ እንጂ ለሌባ አይቆምም ለሚለው ነዋ! እኩል ለእኩል ሆነን ተፋጠን ነበር፣ አንተ ገላገልከን።»

«ተኝቼ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ድምፄን ሰርዙልኝ! ተኝቼ ነው!»

«ተኝቶ የመረጠ፣ ነቅቶ የመረጠ የሚል ነገር ደንባችን ላይ የለም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ድልነሳው፤ ቀጥለውም ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ አዲሱ ድንኳን ግዢ አለፉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሩ ሥር ቆመው፣ ገና ያላወረድኩትን እጄን ያያሉ።