በእንተ ድሬጅ ዘአባ ፍታው፣ ከአሸንዳና ከከመነዳሪ ስለ ተሠራው

በዘመነ ወንበር በመጀመሪያው ዓመት፣ ይኸውም ዘመነ ቱቦ ካለፈ በኋላ፣ ዝናብ ቆሞ ወንዙ በጎደለበት፣ የወንዙም ድንጋይ ጀርባውን ለፀሐይ በሰጠበት ወራት፣ የተዘጋው ሁሉ ከፋች፣ የቦይ ሁሉ ጌታ፣ የብሎን ጠላት፣ የካቻቢቴ ወዳጅ፣ ሥዩመ ፒንሳ የሆኑት አባ ፍታው በዚህች ግቢ በጤናና በመሰልቸት ይኖሩ ነበር። አባ ፍታው የፈረስ ስማቸው ነው፤ ፈረስ ግን የላቸውም። ስሙን ያወጡላቸው ሚስታቸው ናቸው፣ ያገኙትን ሁሉ እየፈቱ መግጠሙን ለነገ ስለሚያሳድሩት።

ይህን ዜና የጻፍሁ እኔ በዚያው ግቢ በኋላ ክፍል የምኖር ተከራይ ነኝ። ያላየሁትን አልጻፍሁም፤ ያየሁትንም ያየሁት ገመድ ይዤ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ ነውና፣ የሚጠራጠር ቢኖር መጥቶ ሱሪዬን ይመልከት።

ዘመነ ቱቦ የሚባለው አባ ፍታው በከተማው ፍሳሽ ክፍል አገልግሎት ገብተው፣ ሰፈር በተጨነቀ ጊዜ እየደረሱ፣ የተዘጋውን ቱቦ ሁሉ በውኃ ግፊት እየነፉ፣ የተቀረቀረውን ጨርቅና ቆሻሻ እየገፉ ሲያስወጡ የኖሩበት ረጅምና ብሩህ ዘመን ነው። ጡረታ በወጡ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ አጨብጭቦ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሸለማቸው፤ እርሳቸውም ወንበሩን ከደጃፋቸው አኑረው ተቀመጡበት፤ ዘመነ ወንበርም ያን ዕለት ባተ። ወእምዝ እጃቸው ሥራ ቢያጣ በቤቱ ዕቃ ላይ ዘመተ፤ ሬዲዮኑን ማረከ፣ ካውያውን ማረከ፣ የግድግዳውን ሰዓት ማረከ፤ የበሩንም ቁልፍ በፈቱ ጊዜ እኛ የግቢው ሕዝብ በመስኮት ወጥተን በመስኮት ገባን። ሰው በመቀመጥ ብዛት እንዲህ እንደሚጎዳ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በዚያው ወራት ከግቢው ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የአባ ፍታው የልብ ወዳጅ፣ ከወንዙ መታጠፊያ በታች የወርቅ ፍንጣሪ እንደሚገኝ ነገራቸው፤ ደግሞም ከወንዝ ሥር አሸዋና ጠጠር እየመጠጠ፣ በገንዳ ላይ እያጠበ፣ ወርቁን የሚያስቀር፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድሬጅ የሚባል ማሽን በስልኩ አሳያቸው። አባ ፍታው ባዩ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ። ማሽን ወደሚሸጥበት ቤትም ዘምተው የትልቁን ዋጋ ጠየቁ፣ ሰምተውም ወገባቸውን ያዙ፤ የመካከለኛውን ጠየቁ፣ ግድግዳውን ያዙ፤ የትንሹን በጠየቁ ጊዜ ሻጩ ራሱ አዝኖ ወንበር አቀረበላቸው። ወንበር ባዩ ጊዜ ደንግጠው ወጡና ከሱቁ ደጃፍ ቆመው አዋጅ ነገሩ። የሰማነው እኔና ጎሚስታው ብቻ ብንሆንም አዋጅ አዋጅ ነው።

«ካሁን በኋላ አንገዛም፤ እንሠራለን። ጓዳ ያለው ጓዳውን ይፈትሽ፣ ጣሪያ ያለው ጣሪያውን ይይ። አይረባም የምትሉትን ዕቃ ሁሉ እኔ ጋ አምጡት።»

የማሽኑም አካል እንዲህ ተሰበሰበ። ማጠቢያ ገንዳው ከገዛ ጣሪያቸው የተነቀለ አሸንዳ ሆነ፣ ዝናብ እስኪመለስ ጣሪያው ምን ይሠራበታል ብለው። ተንሳፋፊው ከጎሚስታው የተበረከተ የጭነት መኪና ከመነዳሪ ሆነ፤ እርሱም ከጎማው ይልቅ መለጠፊያው የበዛ ነበር። የቤንዚን ፓምፑን በልመናም በጭቅጭቅም ከቁራሌው አገኙት፤ ፓምፑም እንደ ጌታው ጡረተኛ ነው። ወርቁን ይዞ የሚያስቀረው ጠጉራም ምንጣፍ የአማታቸው የእሜቴ የበር ምንጣፍ ሆነ፤ እሜቴ ሳይጠየቁ ሰጡ፣ ማለትም ሳይጠየቁ ተወሰደባቸው። ለፓምፑ የጎደለውን ብሎን ግን ከሚስታቸው የስፌት መኪና ፈቱ። ሚስታቸው በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በሥልጣናቸው የቤቱ እቴጌ ናቸውና፣ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እቴጌይቱ የሰው ቀሚስ ጀምረው ሳለ መኪናው ቢንገዳገድባቸው ጎንበስ ብለው አዩ፤ አይተውም ቀና አሉ፤ ከግቢውም መካከል ወጥተው አዋጅ ነገሩ።

«በዚህ ቤት የሚፈታ ነገር አልቋል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እስከ እሁድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከዚያ ወንዝ ወርቅ አውጥተህ ካሳየኸን ማሽንህ ማሽን ነው፣ ብሎኑንም መርቄልሃለሁ። ካላሳየኸን ግን ማሽኑ ለቁራሌው፣ አንተ ለወንድሜ ሱቅ። ሰኞ ጠዋት ገብተህ ገንዘብ መቀበያው ላይ ትቀመጣለህ።»

የእቴጌይቱ ወንድም ሴራሚክ ሻጭ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ምቹ ወንበር ብቻ የጎደለው የሚመስለው ሰው ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ አግብታ ብትሄድበት በእኅቱ አዋጅ እጅግ ደስ ብሎት፣ ወንበሩ ስፖንጅ እንዳለውና እንደሚሽከረከር ለአባ ፍታው በትሕትና አስረዳ። አባ ፍታው ከሞት ይልቅ ይህን ፈሩ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሴራሚክ ሻጩ ግን በዚህ አላበቃም፤ በመነጽር ካዩት አቧራም አለት ይመስላልና ዳኛ የሚሆን ሰው ያለ መነጽር ይይ ብሎ ተከራከረ። ለዳኝነት የተሰየሙት እሜቴ፣ የእቴጌይቱና የሴራሚክ ሻጩ እናት፣ ሕጉን እንዲህ ሲሉ አጸኑት።

«እኔ ነገር አላበዛም። በዚህ በዓይኔ፣ ያለ መነጽር ካየሁት ወርቅ ነው። ካላየሁት ጭቃ ነው።»

ከዚህ በኋላ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ጎሚስታው ነፋ፣ አባ ፍታው ቀጠቀጡ፣ እኔ ያዝሁ፤ ማንም ያልያዘውን ሁሉ የምይዝ እኔ ነበርሁና። የአሸንዳው ላሜራ በሞርሳ ታሰረ፣ ጠጠር የሚያደናቅፍ ጉብታ ጉብታም ተበጀለት፣ ምንጣፉ ከሥሩ ተነጠፈ፣ የመምጠጫው ቱቦ በሽቦ ታነቀ። በዚያም ሳምንት በግቢው ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ አባ ፍታው ያፏጩ ነበር። ዘመነ ወንበር ከባተ ጀምሮ ፉጨታቸውን የሰማ አልነበረም። እሜቴ መስኮታቸውን ከፍተው ጆሯቸውን ወደ ደጅ አዘንብለው ሲቀመጡ አየሁ፤ ስለ ምንጣፋቸውም ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በቀጠሮው እሁድ ማለዳ ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት ለዕለቱ የተከራየነው ፒክአፕ ሾፌር፣ ከእርሱ በቀር መንገዱን የሚያውቅ ስለሌለ ፊታውራሪ የተባለው፣ እሜቴን ከጎኑ አስቀምጦ ነዳ፤ ከኋላ በጭነቱ ላይ አባ ፍታው ማሽኑን አቅፈው ቆሙ፤ በቀኛቸው ጎሚስታው ከነመንፊያው፣ በግራቸው እቴጌይቱ ከነዣንጥላቸው፣ ከጠርዙ ላይ እኔ ከነሳፋና ከነባልዲዬ፤ ሴራሚክ ሻጩም በገዛ መኪናው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የወንበሩን ከፍታ በአባ ፍታው እግር ልክ ለማስተካከል ሜትር በኪሱ ይዞ ተከተለ። ከወንዙም መታጠፊያ በታች፣ ጠጠር ከበዛበት ዳር ደርሰው ሰፈሩ። ማሽኑን ወደ ውኃ ባወረድነው ጊዜ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ወደ ግራ አዘነበለ፣ አሰበበትም፣ ከዚያ ተንሳፈፈ። አባ ፍታው የሱሪያቸውን እግር ጠቅልለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አዋጅ ነገሩ።

«ገመድ የያዝህ አጥብቀህ ያዝ። ከማሽኑ ኋላ ማንም አይቁም፤ ጠጠር ይተፋል። ከፊት መቆም ይቻላል።»

ሴራሚክ ሻጩ ሕግ አክባሪ ነውና ከፊት ቆመ።

ፓምፑም ሳለ፣ አነጠሰ፣ ጮኸ። ወኮነ ዘኢተሐስበ፤ ያልታሰበው ሆነ። ይመጥጣል የተባለው ቱቦ ነፋ፤ የወንዙን ሥር ቆፍሮ ጭቃውን ወደ ሰማይ አነሣው፤ አፉም ከውኃው አምልጦ ወጥቶ ግራ ቀኙን ከቃኘ በኋላ ሴራሚክ ሻጩን ከግንባሩ እስከ ጫማው ቀባው። ገመድ ይዤ ነበርና የተረፈው ለእኔ ደረሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፓምፑ የሚወጣው ውኃ በመጋጠሚያው ላይ ወደ ገንዳው ቢዞር ጠጠሩን ከኋላው እየሳበ ያመጣል፤ ወደ ወንዙ ቢዞር ግን ይነፋል። የአባ ፍታው እጅ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ የሚያውቀው መንፋትን ብቻ ነው፤ ቱቦ በጨበጠ ጊዜ ጌታውን ሳያማክር መጋጠሚያውን ወደ ወንዙ አዙሮ አጠበቀው፣ ወንዙ የተዘጋ ይመስል። ዓመል ያወጣል ከመሐል ይሏል ይህ ነው። ሴራሚክ ሻጩ ዓይኑን ከጠረገ በኋላ ከዳር ቆሞ አዋጅ ነገረ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንዲያውም ርኅራኄ ነበረበት፤ አባ ፍታውን የጎዳቸውም ርኅራኄው ነው።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እጠብቅዎታለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ይልበሱ።»

አባ ፍታው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ባየሁ ጊዜ አበቃለት አልሁ፤ ጎሚስታውም መንፊያውን መጠቅለል ጀመረ። እርሳቸው ግን እጃቸውን አገላብጠው አዩ፤ ጥፋተኛውን ካወቁት በኋላም ብቻቸውን ሳቁ፤ ሳቁና ተነሡ፤ ተነሥተውም መጋጠሚያውን ፈቱ፣ አዞሩ፣ እዚያው በቆሙበት መልሰው ገጠሙ። እቴጌይቱ ይህን ባዩ ጊዜ ዣንጥላው ከእጃቸው ወደቀ፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ፈትተው ወዲያው ሲገጥሙ ያዩዋቸው ያን ዕለት ብቻ ነውና። ግራ አውራ ጣታቸውን ሽቦ ቢቆርጠው በናስትሮ ጠቅልለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ማሽኑም መጠጠ። ጠጠር መጠጠ፣ አሸዋ መጠጠ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ማንኪያ፣ አንድ የተቀየመ ዓሣ፤ ሁሉም በአሸንዳው ላይ በሰልፍ አልፈው ወደ ወንዛቸው ተመለሱ። አባ ፍታው በውኃው መካከል ሆነው እያፏጩ ቱቦውን ከድንጋይ ሥር ወደ ድንጋይ ሥር አዘመቱት። ፀሐይ ባዘነበለች ጊዜ ግን ቤንዚኑ አለቀ፤ እርሱም እንደ ሌላው ሁሉ በቁጠባ የተገዛ ነበርና። ምንጣፉን አውጥተን በሳፋ አጠብነው፤ ጥቁር አሸዋ ቀረ። አባ ፍታው ሳፋውን ቀስ እያሉ አዞሩ፣ ጥቁሩን ጥቂት በጥቂት አፈሰሱ። በመጨረሻም ከሳፋው ሥር አንዲት ቢጫ ነገር ቀረች። ቅጫም ቢያያት ታናሽ እኅቴ ይላት ነበር፤ ነገር ግን ወርቅ ናት። እኔ አይቻታለሁ፣ በመነጽር ቢሆንም።

አባ ፍታው በቀኝ አውራ ጣታቸው ጫፍ አንሥተዋት፣ ፀሐይ ከኮረብታው ጫፍ ስትደርስ፣ በፒክአፑ ወንበር ላይ ወደ ተሰየሙት ዳኛ ቀረቡ፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ። እሜቴ መነጽራቸውን አውልቀው በጭናቸው ላይ አኖሩ። ያለ መነጽር ሲሆኑ ለበር ምሰሶ እንደምን ዋልህ የሚሉ ሴት ናቸው፤ ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል። እጃቸውን ሰድደው የአማቻቸውን እጅ ያዙ፤ የያዙት ግን ግራውን ነው። ያን በናስትሮ የተጠቀለለ ጭቃማ አውራ ጣት ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ አራቁ፤ እንደ ገና አቀረቡ። ከዚያም ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ ፈረዱ።

«አይቻለሁ። ወርቅ ነው። ይኼ ልጅ ወንበር ላይ አይቀመጥም።»

ሴራሚክ ሻጩ የትኛው እጅ እንደ ሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እቴጌይቱ ግን አስቀድመው በተረከዛቸው እግሩን ረግጠውት ነበርና አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ከዚያም እቴጌይቱ የባላቸውን ቀኝ እጅ ይዘው ፍንጣሪዋን በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለሏት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጭቃ ነው አሉ። በማግስቱም ሴራሚክ ሻጩ ገንዘቡን ራሱ ሲቀበል ዋለ።

እንግዲህ ወንዝን የነፉ፣ ወንዝንም የመጠጡ፣ ከአሸንዳ መርከብ ያበጁ፣ ከበር ምንጣፍ ማዕድን ያወጡ፣ ፈትተው የገጠሙ አባ ፍታው ስማቸው ከፍ ይበል፤ ብሎን ሁሉ ይታዘዛቸው፣ የሚሽከረከር ወንበርም ከደጃቸው ይራቅ። ለእሜቴ ግን የምስጋና ቃል ብፈልግ አጣሁ፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ። በዚያ ምሽት ከፒክአፑ ሲወርዱ ክንዳቸውን ደገፍሁ፤ እርሳቸውም ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ለመሆኑ ወርቁ በየትኛው እጁ ነበር ብለው ጠየቁኝ። በሁለቱም ነበር አልኋቸው።