ጋሽ አቤቱታ በላይ በኩል ሲናገሩ

ሰውን መንቀፊያው መንገድ ብዙ ነው። ፊት ለፊት የሚናገር አለ፣ በሰው የሚልክ አለ፣ ዝም ብሎ በር የሚያላጋ አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ዓይኑን ጨፍኖ በጸሎት የሚናገረው ነው። መልስ እንዳትሰጠው አንተን አላናገረም። እንዳታቋርጠው ከማን ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ ይታወቃል። አሜን ካላልክ ደግሞ ይጨመርብሃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ ያለ አይመስልም። ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሳት ግን የሁሉም አለቃ ነበር፤ የባሏ አባት።

አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጸሎታቸው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ክስ ስለሚመስል ሰፈርተኛው «ጋሽ አቤቱታ» ይላቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸውን አግብታ ቤታቸው በገባች በመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ቀርቦ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ሾርባ ባርክ። ጨው የበዛበት የምራቴ እጅ ገና ስላልተስተካከለ ነው፤ አስተካክልላት። ልብሱንም ሳትጨምቅ ማስጣቷን አንተ አይተሃል። እኔ ምንም አላልኩም።»

ባሏ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከጠረጴዛው ስር እግሯን ነካ አደረጋት። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አሜን ያለችው ከሁሉም ኋላ ነበር። በማግስቱ ጸሎት ላይ ይህም ተነሣ።

ፊት ለፊት ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ለነገሩ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት ምንም ቃል አይወጣቸውም። ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ ቢኖራቸው እንኳ ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከዚያ ዞሮ ነበር የሚደርሳት።

ዋናው ጦርነት ግን በሙዚቃ ነበር። እሷ የምትሰፋው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሲሆን፣ ሬዲዮዋ ከጠዋት እስከ ማታ የፍቅር ዘፈን ያሰማል። እሳቸው ጓዳ በኩል ባለው ክፍላቸው የመዝሙር ካሴታቸውን ይከፍታሉ። እሷ ስትጨምር ይጨምራሉ። ልኳን ልትሰጥ የመጣች ደንበኛ በእጅ ምልክት ነው የምታስረዳው። ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው በፍቅር ይቃጠላል፣ በሌላው ንስሐ ይገባል። ባሏ ደግሞ ከሥራ ሲመለስ እዚያው ኮሪደር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ሚስቱን ጎትቶ ኩሽና ውስጥ ያስጨፍራታል።

«ጌታ ሆይ፣» አሉ አማቷ አንድ ቀን፣ «ልጄ ወገቤን ብሎ ጀሪካን አላነሣም አለ። ያ ወገብ ኩሽና ውስጥ ሲሠራ ግን አየሁት።»

እንዲህ እየተባለ፣ ሳይታወቅ፣ የአንዱ ዜማ ለሌላው መትረፍ ጀመረ። መብራት በጠፋበት ቀን ልብስ ሰፊዋ ጠርዝ በእጇ እየሰፋች የእሳቸውን መዝሙር ስታንጎራጉር ራሷን አገኘችው። ቀና ስትል በሩ ላይ ቆመዋል። ዞረው ሄዱ። ምሳ ላይ ግን «ሁለተኛውን ስንኝ ታበላሸዋለችና አስተምራት» ብለው ለመኑ። ከዚያ በኋላ ያንን ስንኝ በበሯ ባለፉ ቁጥር ቀስ ብለው፣ እስክትይዘው ድረስ ያንጎራጉሩት ጀመር። ባሏም ተራው ደርሶ ሲጸልይ፣ «አባዬ በትናንቱ ዘፈን ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ አይቼዋለሁ፤ ይቅር በለው» አለ። ጋሽ አቤቱታ ለዚህኛው አሜን አላሉም።

ማንንም የማይከስስ ጸሎት አንድ ብቻ ነበራቸው። ልጃቸው ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ፣ በሩ ላይ አስቁመው እጃቸውን ራሱ ላይ ይጭኑና፣ «ከከፍታም ከኤሌክትሪክም ጠብቅልኝ» ይላሉ። በዚህ ቀልድ አልነበረም። እሱም አንገቱን ሰብሮ ነበር የሚቀበለው።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው እጃቸውን ጭነውበት፣ የዱቄት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ መስመር ሊቀጥል ሄደ። ከምሳ በፊት ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው ቦርሳውን ይዟል። ጠፍቷል የተባለው መስመር አልጠፋም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ሲሳሳ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ቀሩ። ምሳ አቀረበች። ከልማድ አንገቷን ደፋች። ጠበቀች። ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ሰማች፤ አማቷ መብላት ጀምረዋል። ያልተጸለየበት ምግብ በዚያ ቤት ስትበላ የመጀመሪያዋ ነበር።

ካሴቱም ዝም አለ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ፤ ያንን ልጃቸው ራስ ላይ ይጭኑት የነበረውን እጅ። ሰው ሊያጽናና መጥቶ የእግዜርን ፈቃድ ሲያነሣ፣ ተነሥተው ጓሮ ይወጣሉ።

ልብስ ሰፊዋ ለቅሶዋን በስፌት መኪናው ድምፅ እየሸፈነች ሰነበተች። ከሁሉ የገረማት ግን መከሰሱ ናፍቋት መገኘቷ ነው። አንድ ቀን ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጓዳ በኩል ካሴት የከፈተባት የለም። ዘፈኑ ባሏን ይዞባት ሲመጣ ራሷ አጠፋችው። ሌላ ቀን ሆን ብላ ሾርባው ላይ ጨው ደፋችበት። አፍ የሚያቃጥል ሆኖ ወጣ። አማቷ ሳህናቸውን እስከ ታች ጨርሰው፣ ውሃ ጠጥተው ተነሡ። እሷ ኩሽና ገብታ፣ ውሃ ከፍታ፣ እየጮኸች አለቀሰች።

ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሊወስዳት ሲመጣ አልተከራከረችም። ባልሽ በሌለበት ቤት ከአንድ ዝም ካሉ ሽማግሌ ጋር ምን ታደርጊያለሽ አላት። የስፌት መኪናው ተጫነ፣ ፍራሹ ተጫነ። አማቷ ራሳቸው አንዱን ጫፍ ይዘው አገዙ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወንድሟ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ደንቡ፣ መንገዱን እንዲባርኩላቸው ጠየቃቸው።

ጋሽ አቤቱታ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም። እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«እምቢ አለኝ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ነበር የምለምነው። አንዲት ነገር። ከእንግዲህ ምን ብዬ እንደማናግረው አላውቅም።»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። ልብስ ሰፊዋ አንድ እግሯን መኪናው መወጣጫ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። አማቷ ዞረው አይዋት። ከራሷ በላይ ሰማዩን አይደለም፣ ከጎኗ ያለውን መኪናም አይደለም፤ እሷን።

«አትሂጂብኝ» አሏት።

የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ለስንቱ ጸሎት አሜን ብላለች። ይህ ግን ወደ ሰማይ ሳይዞር፣ በቀጥታ፣ ለእሷ የተባለ ነበር።

«አባባ፣ ደግመው ይበሉት» አለች።

«አትሂጂ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ።

እግሯን ከመወጣጫው አወረደችና ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። ወንድሟ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የኋላውን በር ከፍቶ፣ የስፌት መኪናውን ማውረድ ጀመረ።