የኛ እንሰት ሙዝ አያፈራም

ትንሽ ሱቅ ከትልቅ ሱቅ አጠገብ እንዴት ውሎ ያድራል ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሆሳዕና መንገድ ባለፍኩ ቁጥር እላለሁ። ትልቁ መስታወት አለው፣ መብራት አለው፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ትንሹ አንዲት መስኮት ናት። ታዲያ ልጄ ስታለቅስ የምሮጠው ወደ መስኮቷ ነው። ባለሱቁ በልጄ ስም ይጠራኛል፤ የበሰበሰ ቲማቲም ከሰጠኝም ነገ እዚያው ቆሜ እንደምጨቀጭቀው ያውቃል። ትንሽ ሰው የሚታመነው ደግ ስለሆነ አይመስለኝም። ማምለጫ ስለሌለው ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሱቅ ላወራችሁ አይደለም፤ ስለ ወንድሜ ስለ ማርቆስ ልነግራችሁ ነው። ማርቆስና ጓደኛው ጌታሁን ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ኮምፒውተርን ሥዕል ያስተምራሉ። ኤአይ የሚሉት ነው። የምትፈልጉትን ትነግሩታላችሁ፣ ፎቶ የሚመስል ሥዕል ያወጣላችኋል። "ይሄማ ስልኬ ላይ በነፃ አለ" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አለ። ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቆቹ ድርጅቶች የዓለምን ፎቶ ሁሉ ሰብስበው አስተምረውታል አሉ። ግን እስቲ "የሆሳዕና እናት በጓሮዋ" በሉት። ጨሌ በጨሌ የሆነች፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ሴት ያመጣና ከኋላዋ እንሰት ይተክልላታል፤ እንሰቱ ላይ ቢጫ ሙዝ ያንጠለጥላል። ቆጮ በልቶ ያደገ ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል?

እነማርቆስ የገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው። በየጓሮው እየዞሩ እንሰቱን ፎቶ አነሱ፣ የሾኔን ገበያ አነሱ፣ የአህያ ጋሪ አነሱ። በራቸው ላይም "የኛ እንሰት ሙዝ አያፈራም" ብለው ጻፉ። እኔ ፊደል የምለቅመው ቀስ ብዬ ነው፤ ያቺን ግን በአንድ ጊዜ አንብቤ ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ ፊት አስፈለጋቸው፤ የኛ የእናቶቹ፣ የልጆቻችን። ማርቆስ እሁድ ከቸርች ስንወጣ በር ላይ ቆሞ ለመነን። ሴቱ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሰጠ። ማሽኑን አምነን አይደለም፤ ማርቆስን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለምናውቀው ነው። እኔም የምህረትን ፎቶ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ። ልጄ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። በግራ ቅንድቧ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለቻት፤ ወንበር ጠርዝ ላይ ወድቃ ነው። ፎቶዋን ስሰጥ ሳሩን አየሁ፣ ገደሉን አላየሁም።

ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሕፃናት አመጋገብ ፖስተር አዘዛቸው፤ ከቦኖሻ እስከ ሾኔ በየጤና ጣቢያው የሚለጠፍ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ነበር። ይህ ካማረ ሌላውም መሥሪያ ቤት ይከተላል ተብሎ ቤታችን በሙሉ ጸለየ።

እኔ የሚዛን ቀን ያስፈራኛል። ምህረት ስትወለድ ትንሽዬ ነበረች፤ እስከ ዛሬ እሷ ሚዛኑ ላይ ስትቀመጥ የኔ ትንፋሽ ይቆማል። በዚያም ቀን ጤና ጣቢያ ተራ ይዤ ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ጉንጯ የጎደጎደ፣ ዓይኗ የገባ፣ አንገቷ የሰለለ ሕፃን። በግራ ቅንድቧ ላይ ባቄላ የምታህል ጠባሳ።

ጽሑፉን አላነበብኩም። ምን ያደርግልኛል? እንደኔ ያለ ሰው ፖስተር የሚያነበው ከሥዕሉ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ፍርሃቴን ማሽኑ ሥሎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ፣ የመንትዮቹ እናት፣ ፖስተሩን አየች፤ ዞራ ምህረትን አየች።

"የምህረት እናት፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው እንዲህ የሆነችው? ለኛ እንኳ ሳትነግሪን?"

"አልሆነችም! ይኸው ታቅፌያት!"

"እሱማ አሁን ነው" አለችና ከንፈሯን መጠጠች።

ሚዛኑን ትቼ ወጣሁ። ልጄን እንዳዘልኩ እነማርቆስ ክፍል ገባሁ።

"ልጄን ምን አደረጋችኋት?"

"ምህረት አይደለችም እኮ፣ እታለም" አለ ማርቆስ። "የብዙ ልጅ ፊት ተቀላቅሎ የወጣ ነው። የማንም አይደለችም።"

"የማንም ካልሆነች ጠባሳውን ማን ሰጣት? ቤቴ ና፣ ወንበሩን አሳይሃለሁ!"

ማርቆስ ስክሪኑን አየ፣ ምህረትን አየ። የተናገረው ጌታሁን ነው።

"ከነቀልነው ሥራው ይሄዳል። ትልልቆቹ በነፃ እየሠሩ እኛ በምን እንወዳደራለን?"

"በኔ ነዋ! ፎቶ የሰጠኋችሁ በራችሁን ስለማውቀው ነው። ነገ የሰፈሩ እናት ሁሉ እዚህ በር ላይ ትቆማለች። ያኔ ማንን ትሥላላችሁ? ሙዝ?"

ጌታሁን ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

በማግስቱ ሁለቱ በሞተር ወጡ። ቦኖሻ ነቀሉ፣ ሾኔ ነቀሉ። የምህረትን ፎቶ አወጡና ማሽኑን ከሀ ጀምረው እንደገና ማስተማር ያዙ፤ የተማረውን ለይቶ መርሳት አይሆንለትም አሉኝ። መሥሪያ ቤቱ ግን እስኪማር አልጠበቀም። አንዱ ሠራተኛ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ በስልኩ ከትልልቆቹ በአንዱ ፖስተሩን በነፃ ሠራው። ወንድሜ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

የመንትዮቹ እናት፣ ያቺ ወሬኛ፣ ነገሩን ስትሰማ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? የልጆቿን ፎቶ ይዛ እነማርቆስ ጋ ሄደች። "ሲሉት የሚነቅል ሰው ይሻለኛል" አለቻቸው። "ግን አወፍሩልኝ እንጂ እንዳታከሱብኝ!"

በወሩ ምህረትን ይዤ ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። አዲሱ ፖስተር ተሰቅሏል። ከሕፃኑ ኋላ እንሰት አለ፤ እንሰቱም ሙዝ አፍርቷል። ተራ የያዙት እናቶች እየተጠቋቆሙ ይስቃሉ።

"ልጁ ምነው እንዲህ ከሳ? ሙዙን አያበሉትም?" አለች አንዷ።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሕፃኑን አየሁት። አላውቀውም፤ እፎይ አልኩ። ዓይኔ ወደ አገጩ ወረደ። እንደ ክር የቀጠነች ጠባሳ።

ማሽን ወንበር ላይ አይወድቅም። ይህን ያህል ተምሬያለሁ።

ሲስተር "ምህረት!" ብላ ጠራች። ልጄን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳት። "ጨምራለች፣ አይዞሽ" አለችኝ፤ ትንፋሼ ተመለሰ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ምህረትን አለበስኳት። ግን የሆነ አገር ያለች አንዲት እናት "ልጄን ምን አደረጋችሁት?" እያለች ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። ሄዳ የምትቆምበትን በር ላሳያት ፈለግኩ። የማውቀው የወንድሜን ብቻ ነው።