ጫማ አስመራጯ ወይዘሮ ኖትቡርጋ

በየሰፈሩ፣ ዕቃ ልንገዛ ስንወጣ ሳንጠራው አብሮን የሚወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ገንዘቡ የእኛ ነው፣ ምርጫው ግን የእሱ። በእኛ በረዷማ የቲሮል ሸለቆ ይህን ማዕረግ የያዙት ጎረቤቴ፣ ክብርት ወይዘሮ ኖትቡርጋ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፣ ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን በየክረምቱ ተማሪዎቹን ለአንድ ሳምንት ወደ ተራራ ይዞ ይወጣል፤ ዘንድሮ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ሰኞ፣ ሃያ አራት ተማሪ እያየኝ፣ ሁለቱም እግሬ ስኖውቦርድ በሚሉት ሳንቃ ላይ ታስሮ በረዶው ላይ ቁልቁል ልንሸራተት ነው። ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ። መሰበር ይብስ ወይስ መሳቂያ መሆን? ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሳሰላ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የመንሸራተቻ ጫማና ሳንቃ ልገዛ በሬን ስከፍት ወይዘሮ ኖትቡርጋ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"ብቻሽን ልትሄጂ ነበር?" አሉኝ፣ ጦር ሜዳ የምዘምት ይመስል።

ሱቅ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው አንድ ሐምራዊ ጫማ ላይ ነው። ብርድ ፈርቼ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ ስለነበር ሰፋ ያለውን መረጥኩ፤ ተመቸኝም።

"አውልቂው" አሉ። አወለቅኩ። "ካልሲውንም።"

ካልሲዬን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ለሻጩ አሳዩት። ምስኪኑ ጥፋቱ የእሱ ይመስል ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በአንድ ስስ ካልሲ ያስሞክሩኝ ጀመር። ቀጥ ብዬ ስቆም ጣቴ የጫማውን ጫፍ ካልነካ፣ ሸብረክ ስል ወደ ኋላ ካልሸሸ፣ ወይ ተረከዜ ከተነሣ፣ "አውልቂው" ነው። አምስተኛው ላይ ሻጩ ምሳዬን ልብላ ብሎ ሄደ። ሰባተኛውን አጥልቄ ገና ቀና ስል ከኋላዬ ገፈተሩኝ። እንዳልወድቅ ግራ እግሬን ወረወርኩና መደርደሪያ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"ሳንቃው ላይ ግራዋ ከፊት ትሆናለች" ብለው ወሰኑ።

ጫማውን እንዳደረግኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሱቁን አዞሩኝ። ሳንቃውንም እሳቸው መረጡ፤ አጠር፣ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙ የሚያስጠላ። ይሄን ሁሉ ቻልኩት። የእጅ አንጓ መከላከያ ሲያነሡ ግን አልቻልኩም። ተማሪዎቼ ይስቁብኛል አልኩ።

"ይሳቁ።"

"ለመሆኑ እርስዎ ስንት ዓመት ተንሸራትተዋል?"

"እኔ? አንድም ቀን።" መከላከያውን እጄ ላይ አስረው እያጠበቁ ነበር። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሐኪም ቤት ጀሶ ክፍል ነው የሠራሁት። ቅዳሜ የገዛውን ሰኞ ያመጡልኝ ነበር። ጫማው ሰፍቶት ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ እጁን አስቀድሞ ወድቆ አንጓው የተሰበረ። ጣቶችሽን እስቲ አንቀሳቅሺ።"

አንቀሳቀስኩ። ከመከላከያው ጋር የሁሉንም ከፈልኩ።

ሰኞ አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅኩ፤ አሥራ አንዱንም በእጄ። ተማሪዎቹም እንደፈራሁት አልቀሩም፣ ሳቁ። አሥራ ሁለተኛውን ስወድቅ ቁልቁል አየሁ። እታች፣ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ ማመላለሻ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ካፖርት ቆሟል። በዚያ ጉልበታቸው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ደስ አለኝ፤ ለካ ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት ብቻዬን መውደቅን ነበር።

ተነሥቼ ተቀመጥኩና ሁለቱንም እጆቼን ከፍ አድርጌ አሥሩንም ጣቶቼን አንቀሳቀስኩላቸው። ያን ጊዜ ዞረው እያነከሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።