የእትዬ ይቀመጥ ማቀዝቀዣ

የባዶ ብልቃጥ እመቤት፣ ቀለሙ ያለቀ ብዕር ባላደራ፣ የትርፍራፊ ሁሉ የበላይ ጠባቂ የሆኑት ክብርት እትዬ ይቀመጥ ከቤተ ሙከራችን በጡረታ መሰናበታቸው ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ። የማይመለከተው የለም፤ መጣል የማይሆንለት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የእኛዋ ግን ዶክተር ናቸው፤ ተምረው የባሰባቸው።

መሳቢያቸውን የከፈተ ሰው ክዳን የሌለው ጠርሙስና ጠርሙስ የሌለው ክዳን ያገኝ ነበር፤ ሁለቱ ታዲያ አይገጥሙም። ይጣል ወይ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ይቀመጥ፤ ምሳ አይጠይቃችሁ።"

ሥራችን የጡት ካንሰር ምርምር ነው። ከታማሚዎች ከተወሰደ እብጠት አርኤንኤ እናወጣለን፤ ከዘረመል ላይ የሚቀዳ መልእክት ማለት ነው። ፕሮቲን የሚያሠራውን በክብር እንይዛለን፤ ፕሮቲን የማያሠራውን ያን ረጃጅሙን ደግሞ እንደፋለን። እትዬ ከኋላችን ብልቃጥ ይዘው ይቆማሉ፣ ለድመቱ ትራፊ እንደሚለምን ሰው። በእሳቸው ብልቃጦች ማቀዝቀዣው ጢም አለ።

ተማሪያቸው የነበረው አለቃችን አንድ ቀን መረረው። "ዶክተር፣ ይሄ እኮ ሥራ ፈት ነው። ፕሮቲን አያሠራ፣ ምን አያሠራ።"

"አንተም ፕሮቲን ሠርተህ አታውቅም" አሉት ቀና ሳይሉ። "ግን ይኸው ሁላችንንም ታዛለህ።"

ነገሩም እንዳሉት ሆነ። ከዚያ ትርፍራፊ አንዱ ካንሰሩ በተዛመተባቸው ሴቶች ብልቃጥ ውስጥ በዝቶ ተገኘ፤ ራሱ ምንም ሳይሠራ ሌሎቹን ዘረመሎች አንዱን ዝም በል፣ አንዱን ተነሣ የሚል አዛዥ። በሽታው ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገር ይሆን? እትዬ ይህን ሳይጨርሱ ጡረታቸው ደረሰ።

አሁን ኮሪደሩ ጭር ብሏል። መሳቢያው ጸድቷል፤ ያንን ጠርሙስ የሌለው ክዳን እኔ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ምሳ አይጠይቀኝ። አለቃችን ግን ለአዲስ ማሽን ቦታ ፈልጎ፣ ማቀዝቀዣው አርብ ጠዋት ይራገፍ ብሏል። ከብልቃጦቹ አንዷ የታላቅ እህቴ ናት። ታክማ ድናለች፤ የምርመራዋ ቀን በተቃረበ ቁጥር ግን ዛሬም እንቅልፍ የላትም።

ትናንት ለእትዬ ደወልኩላቸው። ወንበር ይዘው መጥተው በሩ ላይ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ፤ እኔም የራሴን እንድይዝ።

አንባቢ ሆይ፣ የማቀዝቀዣው በር ሰፊ ነው፣ እኛ ደግሞ ሁለታችንም ቀጫጮች ነን። አርብ ጠዋት ሥራ ከሌለህ፣ አንድ ወንበር...