የጋሽ ነገሪ ጭስ ማውጫ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ መኪናውን ከሚነዳበት ሰዓት የሚወለውልበት የሚበልጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ሰፈር ሳይሆን የመኪና ማቆሚያ ነው። አጋነንክ የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ ብዙ ጊዜ አጋነንክ እለዋለሁ ራሴን። ይህን ግን አልሰርዘውም። ማናችንም ማለዳ ከቤት ስንወጣ፣ በርከክ ብሎ ጎማ እየፈተገ ቀና ሳይል "እንዴት አደርክ" የሚል አንድ ጎረቤት አለን።

የእኛ፣ የአብነት ሰፈር ሰዎች፣ ጎረቤት ክቡር ሊቀ ቸርኬ ጋሽ ነገሪ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በልቤ እንጂ ፊት ለፊት ብያቸው አላውቅም። ፊት ለፊትማ ከ"አቤት ጋሼ" ያለፈ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ነገሪ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። አሁን ከአንዳንድ የሰፈሩ አባወራዎች በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ነጭ ፔጆ አለቻቸው። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ የኋላ ወንበሯ ስፖንጁን ያሳያል። ለዚያ ደንታ የላቸውም። የእሳቸው ነገር ያለው ከታች ነው፤ አራቱ ቸርኬዎችና አንዱ ጭስ ማውጫ ላይ። "ሰው በጫማው፣ መኪና በጎማዋ!" ይላሉ። ማለዳ ማለዳ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ይወጣሉ። በውስጡ አሮጌ የጥርስ ቡርሽ፣ ግማሽ ሎሚ፣ የተነፋ አመድና የቡሉኮ ቁራጭ አለ። ቡርሹ ለብሎኑ ዙሪያ፣ ሎሚና አመዱ ለጥላሸቱ፣ ቡሉኮው ለማብረቂያ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ታክሲ የሚጣደፈውን ሰው ያስቆሙታል።

"ና እስቲ፣ ፊትህ ይታያል?"

ጎንበስ ብለህ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ታያለህ። እውነትም አፍንጫህ እንደ ድንች አብጦ፣ ጆሮህ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ያ ያንተው ፊት እዚያ አለ። "እንደ መስታወት ጋሼ!" ትላለህ፤ ትለቀቃለህ። ተማሪው፣ ባለሱቁ፣ ፍርድ ቤት የረፈደበት ጠበቃ ከነከረባቱ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሏል። ለአለቃው አንገቱን ደፍቶ የማያውቅ ሰው ለጋሽ ነገሪ ጭስ ማውጫ እጅ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ አንዲት ቪትዝ አለችኝ። ስለ እሷ ከጋሽ ነገሪ የሰማሁትን ስድብ ከአማቴ እንኳ አልሰማሁም።

"ባሮክ፣ ይሄን ጎማ ይዘህ ነው ልደታ ማርያም በር ላይ የምታልፈው? አትታዘብህም?"

"ነገ አጥባለሁ ጋሼ።"

"ነገ የሰነፍ እሁድ ነው!"

አንድ ቀን ስወጣ የፊት ሁለት ጎማዎቼ እንደ ታቦት ዕቃ ያበራሉ። የኋላዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ጋሽ ነገሪ ቆርቆሯቸውን እየከደኑ "የኋላዎቹን አንተ። እኩል እንካፈል" አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝና መኪናዬ ፊቷን ታጥባ እግሯን እንደረሳች ሴት ስትዞር ከረመች።

እንግዲህ ይህ የሚያስቀው ነው። ከፋሲካ በኋላ ግን መሳቅ አቃተኝ።

በሰፈራችን አንድ ልማድ አለ። ሙሽራ ስትወጣ፣ ሙሽራው የፈለገውን ዓይነት ሊሞዚን ይከራይ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በጋሽ ነገሪ ፔጆ ነው። ባለቤቴን እድላዊትን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ተራው የሶረቲ ነበር። የሶረቲ አባት የጋሽ ነገሪ የልብ ጓደኛ ነበርና ሲሞት "ልጄን አንተ ታወጣታለህ" ብሎ አደራ ሰጥቷቸዋል። ሠርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በቀኝ በኩል ባለው የፊት ቸርኬያቸው ላይ ጭረት አየሁ።

ጣት የሚያክል፣ ጥልቅ፣ የድንጋይ ጭረት። ጠርዝ ገጭተዋል። ያ ብቻ ቢሆን ባልደነገጥኩ፤ ማን የማይገጭ አለ? ያስደነገጠኝ ጋሽ ነገሪ ያንኑ ቸርኬ ሲወለውሉ አጠገባቸው ቆሜ ያየሁት ነው። ዝንብ ያረፈችበትን የሚያውቁት ሰውዬ ጭረቱ ላይ ቡሉኳቸውን አንሸራተው አለፉ። አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላውንም ማየት ጀመረ። የጭስ ማውጫው ጫፍ በግራ በኩል ያበራል፣ በቀኝ በኩል ጥላሸት ነው። በስተቀኝ ቆሜ እጅ ስነሳ አይመልሱም፤ ስናገር ግን "አለህ እንዴ!" ይላሉ። የጎረቤታችን የእትዬ ተናኘወርቅ በር ላይ የነበረው የአበባ ማሰሮ ተሰባብሮ አገኘሁት። የጎማ ምልክት በአፈሩ ላይ በግልጽ ይታያል።

"ምን ነካው?" አልኳቸው።

"ድመት ናት" አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

"ድመት?"

"ትልቅ ድመት።"

ያኔ ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሏል። ሰሞኑን ጋሽ ነገሪ ጥያቄያቸውን አብዝተዋል፤ አንዱን ሰው በአንድ ማለዳ ሁለቴ ያስቆማሉ። "ፊትህ ይታያል? እርግጠኛ ነህ?" እኛም እርጅና ጉራ ጨመረባቸው ብለን "እንደ መስታወት!" እያልን እንሮጣለን።

ከመንገዳችን አፍ ላይ ደግሞ ለውኃ ቱቦ የተቆፈረ ቦይ አለ። ጥልቀቱ ሰው ይውጣል፤ ያለው በስተቀኝ ነው። ሙሽራ ስትወጣ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ መኪናዋን ከብቦ እያጨበጨበ ነው የሚሄደው፤ ልጆች በፊት፣ ሴቶች በጎን። ይህን ማታ ለእድላዊት ነገርኳት።

"እና ዝም ልትል ነው?" አለችኝ እድላዊት።

"ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"'ጋሼ፣ አያዩም' በላቸው። ሁለት ቃል ናት።"

"አንቺ ለምን አትነግሪያቸውም?"

ሽንኩርቷን መክተፍ አቆመች። "እኔማ ዛሬ ጠዋት ሲጠይቁኝ 'እንደ መስታወት' ብያቸው መጣሁ።"

ሁለታችንም ሽንኩርቱን አየነው።

ቅዳሜ ቆርጬ ወጣሁ። የምናገረውን አጥንቻለሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ሳይቀር አለው። ጋሽ ነገሪ ለነገው ሠርግ አራቱንም ቸርኬ አውጥተው ሊያጥቡ ምንም አልቀራቸው። ፊታቸው ቆምኩ፤ መግቢያው ጠፋኝ።

"ምነው ባሮክ፣ ሆድህን አሞሃል?"

"አይ… ነገ… ዝናብ ይጥል ይሆን ብዬ ነው።"

"ጎማዋ ጭቃ እንዳይነካት? አሳቢ ሰው ነህ!" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። በእሳቸው ቤት ነው እንጂ፣ ትከሻዬን ስተው ክንዴን ነው የመቱት። "ና እስቲ፣ ፊትህ ይታያል?"

"እንደ መስታወት" አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ እድላዊት ፊቴን ብቻ አይታ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እሁድ ዝናብ አልጣለም። ፔጆዋ ነጭ ሪባን አስራ፣ አበባ ደፍታ፣ አፍንጫዋን ወደ ቦዩ አዙራ ቆማለች። የሙሽራው ሊሞዚን መንገዱ ስለጠበበው አስፋልት ላይ ይጠብቃል። ሶረቲ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ በእልልታ ወጣች። እናቷ ወይዘሮ ወርቄ ቀሚሱን ከኋላ ይዘዋል። ልጆቹ ከመኪናዋ ፊት ተሰልፈዋል፤ ከሁሉም ፊት የኔዋ ትንሿ ልጄ ናት።

ጋሽ ነገሪ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ እንደ ልማዳቸው የመጨረሻዋን ውልወላ ለጭስ ማውጫው ሰጡ። ከዚያ ቀና ብለው በሕዝቡ ላይ ዓይናቸውን አዞሩ። ምን እንዳጠፋሁ እግዚአብሔር ይወቅ፣ እኔን ጠሩኝ።

"ባሮክ! አንተ ባለ ቆሻሻ ጎማ! ና፣ ፊትህ ይታያል?"

ሰው ሳቀ። ጎንበስ አልኩ። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አንድ ዓይኔ፣ ግማሽ አፍንጫዬና ግማሽ አፌ ይታያል። የቀረው ጥቁር ነው። በዚያችው የብረት ጠርዝ ላይ ከበስተኋላዬ የሚያጨበጭቡት ሰዎች እንደ ጉንዳን ይንቀሳቀሳሉ። ከመኪናዋ ፊት የልጄ ድምፅ ይሰማኛል።

"ግማሹ ነው ጋሼ" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ግማሽ ፊቴ ነው የሚታየው። በቀኝ በኩል ጥላሸት ነው።"

ጭብጨባው ከአጠገባችን ጀምሮ ወደ ፊት እየጠፋ ሄደ። አንድ ሰው ከኋላዬ "ኧረ ምን ነካው ይሄ ሰውዬ" ሲል ሰማሁት። ወይዘሮ ወርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መሬቱ ቢከፈት፣ ያ ቦይ እንኳ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቢመጣልኝ፣ ዘልዬ በገባሁ።

ጋሽ ነገሪ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። በነጭ ጓንታቸው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከግራ ጀምረው ዞሩት። ጓንቱን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። የጣቶቹ ጫፍ ከሰል መስሏል።

"ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ እጠይቃለሁ" አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ። "በየቀኑ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ። እኔ ጉራ የምነዛ መስሏችሁ ነበር? ድሮ ጉራ ነበር። አሁን እኮ ስለማላይ ነው የምጠይቀው።"

እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"ማሰሮሽን የሰበርኩት እኔ ነኛ፣ ተናኘ?"

"ድመት ናት" አሉ እትዬ ተናኘወርቅ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ።

ጋሽ ነገሪ ተነሡ፤ ወደ ሶረቲ ዞሩ። "አባትሽን 'አደራህን በልቼ መሪውን ለቀቅኩ' እለዋለሁ፤ ቦይ ውስጥ ብከትሽ ግን ምን ልለው ነበር?" ሶረቲ ቀሚሷን ሰብስባ በኋላ በር ገባች፤ የፊቱን በር ከውስጥ ገፋ አድርጋ ከፈተችላቸው። በሾፌሩ በኩል ያለውን ሳይሆን በሌላው በኩል ያለውን። ልጅቷ ከሁላችንም ትሻላለች።

ጋሽ ነገሪ በሩን አዩት፤ ከዚያ ቁልፉን በጥላሸቱ ጓንት ይዘው እኔ ደረት ላይ ተከሉት። ሸሚዜ ላይ ዛሬም ምልክቱ አለ።

"ያየ ይንዳ።"

"እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ…"

"ትንሽ መንዳት ትችላለህ፤ ማጠብ ነው የማትችለው። ግባ።"

ያችን ፔጆ የነዳሁበት ሁኔታ ለሾፌሮች ክብር ሲባል ባይነሣ ይሻላል። ማርሹ መሪው ሥር ነው፤ መሪው ቀንበር ነው። ሁለቴ ጠፋችብኝ፤ ሁለቴም ልጆቹ "ኦኦኦ!" አሉ። ከቦዩ ዳር ደረስን። መንገዱ ከመኪናዋ የሚሰፋው በስንዝር ነው፤ በግራ የድንጋይ አጥር፣ በቀኝ ጉድጓዱ።

"ቁም" አሉ ጋሽ ነገሪ። ቆምኩ። በራሳቸው መስኮት አልነበረም፤ ወደ እኔ ዘንበል ብለው የግራውን አጥር በእኔ መስኮት ማየት ጀመሩ። "ግራውን እኔ አያለሁ። ቀኙን አንተ እይልኝ።" ትንሽ ቆይተው፣ "እኩል እንካፈል" አሉ።

"ቀስ… አጥሩ አልነካንም… ሂድ… ቀኝህስ?"

"አለን ጋሼ።"

"አፈሩ ይንሸራተታል?"

"ትንሽ።"

"ፍሬን አትንካ። ዝም ብለህ ተንፍስ። መኪናዋ ታውቀዋለች።"

የኋላ ጎማችን ከቦዩ አልፎ አስፋልት ሲነካ መንደሩ በአንድ ጊዜ እልልታውን ለቀቀው። እኔ ግን ልደታ ማርያም በር ላይ እስክንቆም ድረስ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣሁም። ሶረቲ ስትወርድ ጋሽ ነገሪን ጉንጫቸውን ሳመች፤ የቀኙን። ጠጋ ስትል ስላላዩዋት ደንግጠው ሳቁ።

ሐኪሙ በቀኝ ዓይን የሄደው አይመለስም፣ የግራውን ግን በጠብታ እንጠብቀዋለን ብሏቸዋል። ፔጆዋ ከቆመችበት አልተነሣችም። ቸርኬዎቿ አሁንም ያበራሉ፤ ጋሽ ነገሪ የሚወለውሉት በጣት እየዳበሱ ሆኗል። የእሷ ሥራ ሲያልቅ ወደ እኔ ቪትዝ ይሻገራሉ፤ የፊቱን እሳቸው፣ የኋላውን እኔ። ሰፈሩም ተለውጧል። ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ አስተውሎ፣ "ከላይ በኩል ጋሼ፣ ትንሽ ቀርቷል" ይላል። እሳቸውም አመስግነው ሎሚያቸውን ያነሣሉ።

እኔ ብቻ መዋሸት አልተውኩም። የቪትዟ ጭስ ማውጫ ጥርት ብሎ፣ ፊቴ ከነሽበቱ ሙሉ ሆኖ እየታየኝ፣ "በቀኝ በኩል ቀርቷል ጋሼ" እላቸዋለሁ። ገና ማለዳ ነው፣ ከቤት የሚያስቸኩለኝም የለም፤ ትንሽ አጠገቤ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል።

ትናንትም እንዲሁ አልኳቸው። ጣታቸውን በጫፉ ዙሪያ አዞሩት፤ ንጹሕ ነው። ጣታቸውን አሸተቱት፤ ንጹሕ ነው። ወደ እኔ ዞሩ።

"ባሮክ፣ አንተም ዓይንህን ብትታይ ጥሩ ነው" አሉና ቡሉኳቸውን አጣጥፈው እንደ አዲስ ጀመሩ።