አቶ ይጣራና ቤንዚን ጠጥታ የማትረካው መኪና

ዘመድ የሌለው ሰው ሊኖር ይችላል። «ይጣራ!» የሚል ዘመድ የሌለው ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም። ቢወለድም መወለዱ ይጣራ የሚል አጎት ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፀሐይ ወጣች ስትሏቸው መስኮት ከፍተው ያያሉ፤ ካዩም በኋላ ጎረቤት ሄደው በጎረቤት መስኮት ያያሉ። ክፉዎች አይደሉም። አድካሚዎች ናቸው።

መምህሩ እንዲህ ያለውን ዘመድ ያገኘው በጋብቻ ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ጓሮ በሠሩት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መኪና ይጠጋግናሉ። ሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል፤ «አቶ ይጣራ» ነው የሚላቸው። እኛም እንደ ሰፈሩ እንበላቸው።

«ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ይቅበዘበዛል» ይላሉ ክቡርነታቸው። «ቆጣሪ ሲዋሽ ግን ኮራ ብሎ ነው።»

መምህሩ ገና እጮኛ ሳለ ኮሌጁ ድረስ ሄደው መመረቁን አጣርተዋል። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ብድግ አሉና «ተጣርቷል፤ በእርግጥ ተመርቋል» ብለው ቁጭ አሉ። ቤተሰቡ አጨበጨበ። ምስኪኑ መምህር ለምን እንደተጨበጨበለት ሳይገባው እጅ ነሣ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የመምህሩ ልጅ አተኮሳት። እናቷ ቴርሞሜትር ስታወጣ አቶ ይጣራ ከእጇ ላፍ አደረጉት። «መጀመሪያ መሣሪያው ይጣራ!» በራሳቸው ብብት ለኩ፤ በመምህሩ ብብት ለኩ፤ ደብዳቤ ሊያደርስ ብቅ ያለውን ፖስተኛ ሸሚዙን አስፈትተው ለኩ። መሣሪያው ጤነኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ልጅቷ ድና ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች። ፖስተኛው ግን ትንሽ ትኩሳት ተገኘበትና ተጨንቆ ሄደ።

ይህን ሁሉ መምህሩ ችሎ ኖሯል። ያቃተው የመኪናዋ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ርዕሰ መምህር ሆኖ ተሾመ። ደስ ብሎት ሳያበቃ ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ ተነገረው፦ ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ። አውቶቡሱ ከዳገቱ ሥር ደርሶ ይመለሳል። ከእሱ በፊት የተሾሙት ሁለቱ ዳገቱን በእግር ሲወጡ ሲወጡ አንዱ በጉልበት ሕመም፣ ሌላው በንዴት ለቀዋል። የሹመት ደብዳቤው ደግሞ ፍርጥም ያለ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያልተገኘ እንደሆነ ቦታው ለተከታዩ ተወዳዳሪ ይሰጣል። መምህሩ ይህችን ወንበር አሥራ አምስት ዓመት ሲመኛት ኖሯል።

መኪና አለው፤ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ጨዋ መኪና። ሜዳ ላይ ምንም አይወጣላትም። ዳገት ስታይ ግን ሳሏ ይነሣባታል።

«ቱርቦ እንገጥምላታለን» አሉ አቶ ይጣራ፣ ሻይ ላይ ስኳር የሚጨምሩ ያህል።

ቱርቦ ማለት የሞተሩን የራሱን ጭስ ጉልበት ተጠቅሞ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ ነው። አየር ሲበዛ ቤንዚንም በልኩ መብዛት አለበት። ካነሰ ሞተሩ ግሎ ፒስተን ይቀልጣል፤ ከበዛ መኪናዋ ታፍና ጥቁር ጭስ እየተፋች ትቆማለች። ስለዚህ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ አንድ ሴንሰር ይታሰራል። ሴንሰሩ ጭሱን እየቀመሰ፣ ለአንድ እጅ ቤንዚን ስንት እጅ አየር እንደገባ በትንሽ ስክሪን ላይ ይናገራል። ቆማ ስታጓራ ወይም ቀስ ብላ ስትሄድ ልኩ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቤንዚን አንሷል፣ ዝቅ ካለ በዝቷል። አበቃ። አቶ ይጣራ እጅ እስኪገባ ድረስ ዓለም ላይ ከባድ ነገር የለም።

ሐሙስ ዕለት ቱርቦው ተገጥሞ፣ ቧንቧው በክቡርነታቸው እጅ ተበይዶ አለቀና ሞተሩ ተነሣ። ስክሪኑ አሥራ ሰባት አለ።

«ቤንዚን አንሷል!» ብሎ ጮኸ መምህሩ።

«ተረጋጋ። ሴንሰሩ ይጣራ!»

ሴንሰሩ ተፈታ። ንጹሕ አየር ላይ ሲያዝ አየር ብቻ መሆኑን መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ግን የመኪናዋ ጭስ አለ፤ አየሩ የታመነ አይደለም። ስለዚህ አቶ ይጣራ ረጅም ሽቦ ቀጥለው ሴንሰሩን በክንዳቸው ከፍ አድርገው መንገድ ዳር ቆሙ። አንድ መንገደኛ ሲጋራውን እያጨሰ ብቅ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚያ ማዶ እለፍ! አየር እየለካን ነው!»

ሰውየው መንገድ ተሻገረ። እንዲያውም ለጥንቃቄ ሮጠ።

ሴንሰሩ ጤነኛ ሆነ። ግን ለአቶ ይጣራ አንድ ምስክር ምስክር አይደለም። ከአንድ የታክሲ መካኒክ ሁለተኛ ሴንሰር ተውሰው ሰቀሉ። እሱም አሥራ ሰባት አለ። «ሁለት ምስክር፣ አንድ ቃል!» አሉና ከሞተሩ ጋር በሽቦ የተገናኘውን ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ቤንዚን ጨመሩ።

ዓርብ ዕለት መኪናዋ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች። ስክሪኑ አሥራ ስድስት ተኩል አለ። ጨመሩ። ጭሱ አጥር ዘለለ። ጎረቤትየዋ ገመድ ላይ የሰጣችውን አንሶላ ይዛ መጣች። ጠዋት ነጭ ነበር አለች፤ አቶ ይጣራም ነጭ እንደነበር የሚያረጋግጥ ሌላ አንሶላ እንዳላት ጠየቋት። የመለሰችላቸውን እዚህ መጻፍ ይከብዳል።

«ወንድም ጋሼ» አለች የመምህሩ ሚስት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ «ይቺ መኪና ቤንዚን ጠጥታ ጠጥታ አሁንም ጠማኝ ነው የምትለው?»

«ቁጥሩ ነው የሚለው እህቴ፣ እኔ አይደለሁም» አሉና ጨመሩ።

ቅዳሜ ከዳገቱ ሥር ለሙከራ ወሰዷት። ሃያ ሜትር ወጣች፤ አሳላት፤ ጠፋች። አቶ ይጣራ ስክሪኑን ታቅፈው መሪውን ያዙ፣ መምህሩ ወርዶ ገፋ። ዕቃ የተሸከሙ አንዲት አሮጊት አጠገቡ ሲደርሱ ቆም ብለው «ልጄ፣ ላግዝህ?» አሉት። ያን ጊዜ መምህሩ ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ሲፈቱ ከሰል መስለው ተገኙ።

«ጋሼ!» አለ ጓሮ ሲመለሱ። «ነገ እሑድ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው! ጭሱ ጥቁር ነው፣ ካንዴላው ጥቁር ነው፣ የጎረቤታችን አንሶላ ጥቁር ነው። ቤንዚኑ በዝቷል! አፍንጫ የለንም እንዴ?»

«አፍንጫ ያልተፈተሸ መሣሪያ ነው።»

«ሴንሰሩን አጣሩ። ሽቦውን አጣሩ። ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድተው በፀሐይ አዩት። ቧንቧውንስ ማን አጣራው?»

አቶ ይጣራ ቀና አሉ። «ቧንቧውን የበየድኩት እኔ ነኝ።»

«እና ይሄ መልስ ነው?»

«በቂ መልስ ነው» አሉ፤ ጨርቃቸውን አራግፈው ወደ ቤት ገቡ።

እዚህ ላይ መምህሩ ነቃ። ሰውየው ሰማይና ምድሩን ሲጠራጠሩ ኖረው አንድ ነገር ብቻ ሳይጠራጠሩ ቀርተዋል፦ የገዛ እጃቸውን! ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራትና ለነገ ንግግር አዘጋጀ። «ክቡር ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ዲፕሎማውን ያነሣል፣ ፖስተኛውን ያነሣል። ጎረቤትየዋንም ሊጠራት አስቧል፤ አንሶላዋን ይዛ ትምጣ።

እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በባልዲ የሳሙና አረፋና አሮጌ የቀለም ብሩሽ ይዞ ደረሰ። መኪናዋ በክሪክ ተነሣች፣ እንጨት ተደገፈላት፣ ሞተሩ ተነሣ። ሚስቱ ወፍራም ጓንት አጥልቃ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አደረገችው፤ ጭሱ መውጫ ሲጠበው በቀዳዳው ይወጣል። መምህሩ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገባና ብየዳው ላይ አረፋ ቀባ። ከሴንሰሩ አንድ ስንዝር ቀደም ብሎ፣ ብየዳው ዞሮ በሚገጥምበት ቦታ፣ አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች። አበጠች። ፈነዳች። ሌላ ተተካች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ» አለ መምህሩ፤ ደስታው ከአፉ ሊያመልጥ ደረሰ።

አቶ ይጣራ አጠገቡ ተንጋለሉ። አረፋዋን አዩ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና «ክቡር ሆይ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ተገኘ!» ብለው ጮኹ አቶ ይጣራ። ሲነሡ ግንባራቸውን ከመኪናዋ ሆድ ጋር አጋጩ፤ ግድ አልሰጣቸውም። «ተገኘ! እኔ ነኝ! ጥፋተኛው እኔ ነኝ!»

ከዚያ የሆነውን መምህሩ በሕልሙም አላሰበው። ሰውየው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ጎረቤትየዋን ጠሩ። «ኧረ ነይ እዪ! እንዲህ ያለ የተበላሸ ብየዳ አይተሽ አታውቂም! የገዛ እጄ ሥራ ነው!» የታክሲ መካኒኩ ጋ ደወሉ። እህታቸውን አቀፏት። ፊታቸው በርቷል። «ገባችሁ? ጭሱ ትር ትር እያለ ሲያልፍ በዚህች ቀዳዳ የውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን ቀምሶ አየር በዛ ይላል። ሴንሰሩ አልዋሸም! ሁለቱም አልዋሹም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

መምህሩ ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አሥራ አምስት ዓመት በመምህራን ክፍል ሲቀመጥ መሳሳቱን ሲነግሩት ደስ የሚለው ሰው አንድም አላየም። ራሱም ደስ ብሎት አያውቅም። ለካ እኚህ ሰው ሌላውን ለማሳፈር አልነበረም የሚያጣሩት፤ እውነቱን ፈልገው ነው፣ በማንም ላይ ይውደቅ። አፈረ። ያንን ንግግር ማታ ጥርሱን እየነከሰ እንዴት አድርጎ እንዳሳመረው ሲያስበው ይበልጥ አፈረ።

ብየዳው እንደገና ተበየደ። መምህሩ አየው፣ ሚስቱ አየችው፣ ጎረቤትየዋ በመነጽሯ አየችው። የተጨመረው ቤንዚን ሁሉ ተቀነሰ። ሞተሩ ሲነሣ ስክሪኑ ትንሽ ተወዛወዘና አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ላይ ቆመ። ጭስ የለም። ጎረቤትየዋ ግን ለማንኛውም ብላ አንሶላዋን አስገባች።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ የመኪናዋን በር ሲከፍት አቶ ይጣራ ከጎን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮምፒዩተሩ ጭናቸው ላይ ነው። ማንም አልጠራቸውም። ዳገቱ ሲጀምር ቱርቦው ፉጨት አሰማ። ጭነት ላይ ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት መውረድ አለበት፤ እሳቸውም ጮክ ብለው ያነባሉ። «አሥራ ሁለት! ንዳ! አሥራ ሁለት! አትፍራ፣ ንዳ!» መኪናዋ ሳል የሚባል ነገር አልነካትም። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው መኪና ሲያይ ባርኔጣውን አነሣ። መምህሩ ቁልፉን እንኳ ሳይወስድ እየሮጠ ገባ።

ቀኑን ሙሉ ሲያስተዋውቁት፣ ክፍል ሲያሳዩት፣ ፊርማ ሲያስፈርሙት ዋለ። አቶ ይጣራ በእግራቸው ወርደው ሄደዋል ብሎ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ አዳዲስ ባልደረቦቹ አጅበውት ሲወጣ፣ ከመኪናዋ ሥር ሁለት ጫማ ወጥቶ አየ።

«ጋሼ! እስካሁን እዚህ ነዎት?»

«ዳገቱ ላይ ብየዳው በጣም ጋለ» አለ ድምፅ ከሥር። «ብየዳ የሚሰነጠቀው ሲቀዘቅዝ ነው። እስኪቀዘቅዝ ልጠብቅ ብዬ።»

«ምሳስ?»

«ምሳ ለመብላት መሄድ ነበረብኛ።»

«አሁንም አልቀዘቀዘም?»

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቀዝቅዟል።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም?»

«አይቼዋለሁ። በእጄም ዳስሼዋለሁ። ደህና ነው። ግን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ያየሁትም እኔው ነኝ። አሁን እምነት የለኝም። ቁልቁለቱን የምትነዳው ደግሞ አንተ ነህ። እህቴ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቅህ።»

መምህሩ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዓቱን ያይ ነበር። ቦርሳውን ለምክትሉ ሰጠና በአዲሱ ሱፉ አፈሩ ላይ ተንጋሎ ገባ። አቶ ይጣራ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። እጁን ይዘው ብየዳው ላይ አሳረፉለት። «በዚህ በኩል። በቀስታ። ምን ይሰማሃል?»

«ልስልስ ያለ ነው።»

«ዞር አድርገህ ዳስስ። ቶሎ አትበል።»

ውጭ የቆሙት መምህራን እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ጎንበስ አለችና በጭንቀት ጠየቀች። «ጌታዬ፣ ምን ሆኑ? ሰው እንጥራ?»

«አያስፈልግም» አለ አዲሱ ርዕሰ መምህር ከመኪናዋ ሥር። «ወንድሜን እያገዝኩት ነው።»